ድድ ሲደማ ብሩሹን መተው ወይስ መቀጠል? ለስኳርና ለግፊት ታካሚዎች ምን እናሳያቸው?

የክትትል ክፍል ነርስ

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች። ጥያቄዬ በጤና ጣቢያ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ለምንሠራ ነርሶች ነው። እግር እናያለን፣ ለዓይን ምርመራ እንልካለን፣ አፍ ግን ተረስቷል። ታካሚው ራሱ «ድዴ እየደማ አስቸገረኝ» ካላለ በቀር አናነሳውም። ሲነሳም የሚገጥመን ሁልጊዜ ይኸው ነው፦

ድዳቸው ሲደማ ብሩሹን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ሪፈር ብንጽፍላቸው «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» ብለው አይሄዱም። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት መፋቂያ ነው፤ ብሩሽ ግዙ እንበላቸው ወይስ መፋቂያው ይበቃል? ጨውስ? ድዱ ባበጠ ቁጥር አሞክሲሲሊን ገዝተው የሚውጡትን ምን እንበላቸው? እኛ ጋ ያለው ደግሞ ባትሪ፣ ጓንትና የምላስ መጫኛ እንጨት ብቻ ነው። በነዚህ ምን ማየት እንችላለን? የቱን ዛሬውኑ፣ የቱን በቀጠሮ እንላክ?

ታካሚው ፊት ቆሜ በእጄ ላሳየው በምችል መጠን ዘርዝራችሁ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።


የጥርስ ሐኪም

ሲስተር፣ ከመድማቱ ልጀምር። ጤነኛ ድድ በለስላሳ ብሩሽ ቢታሽ አይደማም። የሚደማው ቀድሞ የተቆጣው ነው። ጥርሱና ድዱ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚተኛው ነጣ ያለ ለስላሳ ሽፋን፣ ፕላክ የምንለው፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚኖር የባክቴሪያ ክምችት ነው። ሰውነት ሊከላከለው ደም ወደዚያ ይልካል፤ ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ድዱ ወደ ጥርሱ በሚዞርበት በኩል ያለው ስስ ሽፋን ይቆስላል፣ ሲነኩት ይደማል። ሰውየው ደም አይቶ ብሩሹን ሲያስቀምጥ ክምችቱ ይወፍራል፣ ቁጣው ይብሳል፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሲሞክር የባሰ ይደማል። «አላልኩም!» ብሎ ጨርሶ ይተወዋል።

እ.ኤ.አ. በ1965 የድድ ሕመም ተመራማሪው ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ፤ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ተመልሶ ዳነ። ስለዚህ ለታካሚው እንዲህ ይበሉት፦ «የሚደማው ቦታ ነው በደንብ መጽዳት ያለበት። ቀስ ብለህ ግን ሳትዘል አጽዳ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደማል፤ ከሳምንት እስከ 2 ሳምንት ባለው ውስጥ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ብሩሽ የማያነሳው ነገር አለና ተመለስ።»

ያ ብሩሽ የማያነሳው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ድንጋይ ነው። ሳይጸዳ የቆየ ፕላክ ከምራቅ ውስጥ ካልሲየምና ፎስፌት እየሳበ ይጠነክራል፤ መጠንከር ለመጀመር ከ1 እስከ 3 ቀን ይበቃዋል። ቶሎ የሚገነባው የምራቅ ቧንቧ በሚከፈትባቸው ሁለት ቦታዎች ነው፦ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ በምላስ በኩል፣ እና በላይኞቹ መንጋጋዎች ላይ በጉንጭ በኩል። መሣሪያ የማይፈልግ ምርመራ ላሳይዎ፦ ታካሚው የምላሱን ጫፍ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶቹ ጀርባ ወዲያና ወዲህ ያመላልስ። ጥርሶቹ አንድ በአንድ፣ ለስላሳ ሆነው ከተሰሙት ጥሩ ነው። መሐላቸው ሳይለይ እንደ አንድ ሻካራ ግድግዳ ከተሰማው ግን ድንጋይ አለ። ብዙ ሰው ያ ግድግዳ ጥርሱ ይመስለዋል።

ድንጋዩን ቤት ውስጥ ለማንሳት የሚሞከረው ሁሉ ጉዳት ነው። ሎሚ ከድንጋዩ በፊት የጥርሱን ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ኤናሜሉን፣ ያሟሟል። ከሰል ጥርሱን ይሞርደዋል። በመርፌና በምላጭ መፋቅ ድዱን ቀዶ ቁራጩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ቁጣው ድዱ ላይ ብቻ ሳለ ጂንጂቫይተስ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ዓመታት ሲያስቆጥር በአንዳንዱ ሰው ወደ አጥንቱ ይወርዳል፤ ይኼ ፔሪዮዶንታይተስ ነው። ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይፈጠራል፣ ጥርሱን ያቀፈው አጥንት ከጥርሱ አንገት ወደ ሥሩ ጫፍ እየተበላ ይሄዳል። የተበላው አጥንት በእጥበት ተመልሶ አይበቅልም፤ ማድረግ የምንችለው ባለበት ማቆም ነው። በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ ይኼ ሁሉ ሲሆን አለማመሙ ነው። ታካሚዎ «አያመኝም» ሲል «ደህና ነኝ» ማለቱ እንዳይመስልዎ።

ከኛ የሚመለሰው ወረቀት ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፉ ቁጥሮች ያያሉ፤ የኪሱ ጥልቀት ናቸው። ከ1 እስከ 3 ጤነኛ ነው። 4 እና 5 ሕክምና ይፈልጋል። 6 እና ከዚያ በላይ ጥልቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ምንም ብሩሽ ታቹ ድረስ አይወርድለትም።


የጥርስ ቴራፒስት

«ያነቃንቃል» የሚለውን እኔ ልውሰደው፤ ሕዝባችን ከእጥበት የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ሰው ያየውን ነው የሚናገረው።

አጥንቱ ግማሽ የተበላ ጥርስ ድሮም ይነቃነቃል። ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ድንጋዩ እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ይዞታል። ድንጋዩ ሲነሳ ተሸፍኖ የነበረው መነቃነቅ በዚያው ቀን ይታያል። «ያሳሳል» የሚባለውም እንዲሁ ነው፦ ያበጠው ድድ ከእጥበት በኋላ ይሟሽሻል፣ ድንጋይ ሞልቶት የነበረው የጥርስ መሐል ይከፈታል፣ የሥሩ አንገት ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ዘው ብሎ ይሰማል። ስሜቱ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይበርዳል፤ ለስሱ ጥርስ የሚሸጠውን የጥርስ ሳሙና ማታ በጣት ቦታው ላይ ቀብቶ ማደር ይረዳል። የማጠቢያው ጫፍ እየተንቀጠቀጠ፣ ውሃ እየረጨ ድንጋዩን ያላቅቀዋል እንጂ በአግባቡ ከተያዘ ጥርሱን አይልጠውም።

ሲስተር፣ ይህንን ሪፈር ስትጽፉ፣ ከመሄዳቸው በፊት ንገሯቸው። ቀድሞ የተነገረው ሰው ክፍተቱን ሲያይ «ያሉኝ ነው» ይላል። ከታጠበ በኋላ ብንነግረው ግን ያበላሸነውን ልንሸፍን የምናወራ ይመስለዋል፤ ለጎረቤቱም የሚነግረው ያንኑ ነው።

አሁን አጸዳዱን። ብሩሹ «ሶፍት» የሚል የተጻፈበት፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ይሁን፤ ሁለት መንጋጋ ከሸፈነ ይበቃል። ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት፣ ለአዋቂ ከ1350 እስከ 1500 ፒፒኤም፣ መጠኑ የአተር ፍሬ የሚያህል። ብሩሹን በጡጫ ጨብጦ የያዘ ሰው ይፈገፍጋል፤ እንደ እስክሪብቶ በጣት ጫፍ ያስይዙት። ፀጉሩን ግማሹ ድድ ላይ፣ ግማሹ ጥርስ ላይ ያሳርፍ፤ ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያዘንብል፦ ለላይኛው ጥርስ ወደ ላይ፣ ለታችኛው ወደ ታች። ከዚያ ፀጉሩ ከቦታው ሳይነሳ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያንቀጥቅጠው። የፀጉሩ ጫፍ ከድዱ ሥር የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። በመጨረሻ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ጠረግ ያድርገውና ወደሚቀጥሉት ሁለት ጥርሶች ይለፍ። ከፊት ጥርሶች ጀርባ ሲደርስ ብሩሹን አቁሞ በጫፉ። እኔ ሁልጊዜ ከታችኛው የምላስ በኩል አስጀምራለሁ። ሰው በሚታየው ፊት ይጀምርና እጁ ሲደክም ጀርባውን ይዘለዋል፤ ድንጋዩ ያለው ግን እዚያው ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላ 2 ደቂቃ። አንዱ የግድ ማታ ከመተኛት በፊት፣ ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀመስ፤ ሲተኙ ምራቅ ይቀንሳልና። ሲጨርሱ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ብሩሽ በ3 ወር ይቀየር። በወሩ ፀጉሩ ወዲያና ወዲህ ከተንጨባረረ እጁ ከባድ ነው ማለት ነው። በኃይል በአግድም የሚፈገፍግ ሰው ድዱ ይሸሻል፤ ክራንቻውና ከኋላው ያሉት ጥርሶች አንገታቸው ላይ በጥፍር የሚገባ ስርጓዳ ያወጣሉ።

ብሩሽ የጥርስ መሐል አይገባም፤ የድድ ሕመም ደግሞ የሚጀምረው እዚያ ነው። መሐሉ ጠባብ ለሆነ ሰው የጥርስ ክር፦ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ በሁለቱ የመሐል ጣቶች መጠቅለል፣ መካከሉ ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር መተው፣ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያሉ ማስገባት፣ አንደኛውን ጥርስ አቅፎ ከድዱ ሥር ትንሽ ገባ ብሎ ወደ ጥርሱ ጫፍ መጥረግ፣ ከዚያ ሌላኛውን ጥርስ አቅፎ መድገም። ዝም ብሎ ቀጥ አድርጎ ወደ ድዱ መጫን ድዱን ይቆርጠዋል። መሐሉ ለተከፈተ ሰው፣ በተለይ ፔሪዮዶንታይተስ ላለበት፣ ትንሿ የጥርስ መሐል ብሩሽ ትሻላለች። ልኳ ትክክል ከሆነ ፀጉሩ ሁለቱንም ግድግዳ እየነካ ትገባለች፣ ሽቦው ግን አይፈትግም። ስቴኪኒ የገባ ሥጋ ለማውጣት ነው። ፕላኩን አያነሳም፤ ዘወትር እየወጉበት የጥርስ መሐል ድድን ያስጎደጉዳል።

መፋቂያን አታስጥሏቸው። የወይራም የክትክታም ቢሆን እርጥቡ ይመረጥ፤ ከደረቀ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ጫፉን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አኝኮ ማለስለስ፣ ጭረቱን ከድዱ ወደ ጥርሱ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ፣ የተኘከውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጦ መጣል። ድክመቱ መድረሻው ላይ ነው፦ የፊቱን ገጽ አሳምሮ ያጸዳል፣ የመንጋጋ ጀርባና የጥርስ መሐል ግን አይደርስም፤ ፍሎራይድም አይሰጥም። ጠዋት መፋቂያ፣ ማታ ብሩሽና ሳሙና ቢባሉ ብዙዎቹ ይቀበላሉ።


ፋርማሲስት

በመድኃኒቱ በኩል ጥቂት ልጨምር።

አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ለሚደማ ድድ መድኃኒት አይደሉም። ባክቴሪያዎቹ በራሳቸው ሙጫ ውስጥ ተሸፍነው፣ ከድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት፤ መድኃኒቱ ዘልቆ አይጨርሳቸውም። እብጠቱ ለጥቂት ቀን ጋብ ይልና ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። ትኩሳት ሲኖር፣ እብጠቱ ወደ ፊትና ወደ አንገት ሲሰፋ ሐኪም ያዛቸዋል። ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለት ሰው ጠላ፣ ጠጅና አረቄ እንዳይነካ፤ ከጨረሰ በኋላም ቢያንስ ለ2 ቀን።

ጨው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ 30 ሴኮንድ ተጉመጥምጦ መትፋት። ከእጥበት በኋላ የቆሰለ ድድ ያሳርፋል። ፕላክ ግን አያነሳም። ለደም ግፊት ታካሚዎቻችሁ «እንዳትውጡት» ብላችሁ ንገሩ። ጨውን በደረቁ ድድ ላይ ማሸትና ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማሰር ይቅር፤ ነጭ ሽንኩርት ድድን አቃጥሎ ነጭ ቁስል ያወጣል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም እንደዚያው ያቃጥላል።

ክሎርሄክሲዲን 0.2 በመቶ (ባክቴሪያ የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ)፦ 10 ሚሊ ሊትር ለ1 ደቂቃ ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ጠዋትና ማታ፣ ቢበዛ ለ2 ሳምንት። በጥርስ ሳሙናና በሱ መካከል ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ የሳሙናው አረፋ ኃይሉን ይቀንሰዋል። በላዩ ቡናና ሻይ የሚያዘወትር ሰው ጥርሱ ይጠቁራል፤ በእጥበት ይለቃል፣ ግን ቀድሞ ይነገረው።

ለእናንተ ክፍል ዋናው ግን ይኼ ነው፦ ከግፊት መድኃኒቶች አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን፣ ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ደግሞ ፌኒቶይን በአንዳንድ ሰው ላይ ድድን ያሳብጣሉ። ብዙ ጊዜ ከፊት ጥርሶች መሐል እንደ ትንንሽ ጉብታ ይጀምርና ጥርሱን እየሸፈነ ይሄዳል። ፕላክ ባለበት አፍ ይበረታል። ታካሚው መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ፤ ለሐኪሙ ጻፉለትና መቀየር ይቻል እንደሆነ ይታይ፤ ጎን ለጎን ይታጠብ።


የጥርስ ሐኪም

የፋርማሲስቱን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ወደ ባትሪውና እንጨቱ ልምጣ።

ከንፈሩን ገለጥ አድርገው በባትሪ የድዱን ጠርዝ ይዩ። በጓንት ጣትዎ ድዱን ከሥር ወደ ጥርሱ ጫፍ ጫን አድርገው ይግፉት፤ በጠርዙ መግል ብቅ ካለ ኪስ አለ። ጥርሱን በሁለት የምላስ መጫኛ እንጨቶች መሐል ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ገፋ ያድርጉት፤ ሲሄድና ሲመለስ በዓይን ከታየ ይጻፉት። «በቅርቡ የፊት ጥርሶችህ መሐል ተከፍቷል? ወደ ፊት ወጥቷል?» ብለው ይጠይቁ፤ አጥንት ያጣ ጥርስ ይሸሻል። እነዚህ በሳምንታት ውስጥ በቀጠሮ የሚሄዱ ናቸው።

የሚያጨስን ሰው በመድማት አይመዝኑት። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ድዱ ሐመር ብሎ፣ ሳይደማ፣ ከሥሩ አጥንቱ እያለቀ ይሆናል። ጫት የሚቅምም በሚያሳርፍበት ጉንጭ በኩል ያለው ድድ ለብቻው ይታይ።

ዛሬውኑ የሚላኩ፦ የአፍ ወለል ወይም አንገት ያበጠ፣ አፉን መክፈትና ምራቁን መዋጥ ያቃተው፤ ይህ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ድዱ ሳይነኩት የሚደማና ቆዳው ላይ ያልተመታበት ሰማያዊ ምልክት ያለው፤ ለዚህ መጀመሪያ የደም ምርመራ ነው። ጥርስ መሐል ያለው የድድ ጫፍ ተበልቶ የተቆረጠ የመሰለ፣ ግራጫ ሽፋን ያለው፣ በጣም የሚያምና የሚሸት ከሆነ ደግሞ የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይታሰብ። ይህንኑ ምልክት ሕፃን ላይ ካዩ፣ በተለይ ምግብ ያነሰው ወይም ኩፍኝ የያዘው ከሆነ፣ አንድ ቀን አይደር። ኖማ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ነው። በጊዜው በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ጽዳትና በምግብ ይቆማል።

ስኳሩን በተመለከተ ነገሩ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ድዱ ቶሎ ይቆጣል፣ ቀስ ብሎ ይድናል። የተቆጣው ድድ ደግሞ ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ፔሪዮዶንታይተሱ ሲታከም የ3 ወሩ ስኳር፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ በአማካይ 0.4 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ መድኃኒት እየወሰደ ስኳሩ አልወርድ ያለ ታካሚ ሲመጣ አፉን ይዩት። ለእጥበት ሲልኩት ቁርሱን በልቶ፣ መድኃኒቱን ወስዶ፣ ጠዋት እንዲሄድ ይንገሩት፤ ጾሞ መጥቶ ወንበር ላይ ስኳሩ የሚወርድበት አለ።

ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ በሆርሞን ምክንያት ድድ ይበልጥ ይደማል። እጥበት በማንኛውም ወር ይቻላል፤ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ግን ለመተኛትም ለመቀመጥም ይመቻቸዋል።


የክትትል ክፍል ነርስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የምላሱን ምርመራ ነገውኑ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ እናቶች ብዙዎቹ ድዳቸውን ተነቅሰዋል። ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ መቅላቱ አይታየኝም። እነሱን እንዴት ልያቸው?


የጥርስ ቴራፒስት

ጥሩ ጠየቁ። ንቅሳቱ በአብዛኛው ያለው በላይኛው ድድ፣ በፊት በኩል፣ በከንፈር ስር ነው። ስለዚህ የላንቃውን በኩልና የታችኛውን ድድ ይዩ፤ እዚያ ቀለሙ አይጋርድዎትም። በተነቀሰው ላይ ደግሞ ቀለሙን ትተው ቅርጹን ይመልከቱ። ጤነኛ ድድ ጥርሶቹ መሐል እንደ ቢላ ስል ሆኖ ይገባል፣ ገጹም ብዙ ጊዜ የብርቱካን ልጣጭ ይመስል ነጠብጣብ አለው። የተቆጣው ጠርዙ ይደነብዛል፣ ያብጣል፣ በባትሪ ሲያበሩበት ያብለጨልጫል። ከዚያ እትዬን «ጠዋት ሲነሱ ምራቅዎ ደም ይቀላቅላል? ትራስዎ ላይስ?» ብለው ይጠይቋቸው።

ብዙዎቹ ንቅሳቱ ድዱን ያጠነክራል ብለው ስለሚያምኑ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ችላ ይላሉ። ቀለሙ ከባክቴሪያው አይከላከልም፤ ንቅሳቱ ግን ከእጥበት አያግድም፣ በእጥበትም አይለቅም። ይህንን የመጨረሻውን ሳይረሱ ይንገሯቸው፤ አንዳንዶቹ የሚቀሩት ጌጣቸው እንዳይጠፋ ሰግተው ነው።